ከኮሶው እግር ሥር የነበሩት ድንጋዮች

ሰበታ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአካኮ ኢተፋ፣
ሱሉልታ፣ ከላጋው ዳር፤

አካም ጂርቱ አካኮ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ላሟ፣ የጎረቤትዎ የኦቦ ጋሮማ ሳል፣ ሁሉም ደህና? እኛ ደህና ነን። አባዬ ፋብሪካው ፈረቃ ቀይሮበት ቀን ቀን ስለሚተኛ ቤት ውስጥ የምንሄደው በጣታችን ጫፍ ነው።

ስልክ ደውዬልዎ ነበር። “ሃሎ! ማን ልበል? ሃሎ! ይቺ ስልክ ሞታለች” ብለው ዘጉት። ሦስት ጊዜ። ስልኳ አልሞተችም አካኮ፤ ጆሮዎ ነው በሕይወት የሌለው። ይቅርታ። ስለዚህ እንደ ጥንቱ ሰው ደብዳቤ ልጽፍልዎ ነው። አክስቴ አዳዳ ተረፈች በየአሥራ አምስት ቀኑ ከቡራዩ ተነስታ ቅቤ ልትገዛ እናንተ ጋ ስለምትወጣ ታደርስልኛለች። ከፍታ እንደምታነበው አውቃለሁ፤ ባለፈው የላኩልኝ ፖስታ ላይ አምስቱም ጣቶቿ በቅቤ ታትመው ነበር። (ሰላም አዳዳ!)

ጂቱ ጆሮዎ ሥር ተቀምጣ እየጮኸች እንደምታነብልዎም አውቃለሁ። የአጎቴ ልጅ፣ እኩያዬ፣ የእርስዎ ጸሐፊ፣ ቃል አቀባይ፣ የዓይን ብሌን። ጂቱ፣ ይህቺን ሳታልፊ አንብቢ፦ እቀናብሻለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የፋሲካ ማግስት ሳልሰናበትዎ የሄድኩት ሆዴን አሞኝ ነው። ዶሮው ነው። ሌላ ምንም ነገር የለም።

ግን ነገር ከተነሳ አይቀር፣ አንድ ልበል። የልጅ ልጅ በተወለደልዎ ቁጥር ከላጋው፣ ከወንዙ ዳር፣ ዛፍ ይተክላሉ። ጥሩ ልማድ ነው። ለጂቱ ጽድ ተከሉ። ለእኔ ኮሶ። ኮሶ አካኮ! ለሕፃን ልጅ የትል መድኃኒት ይተከላል? እሱንም ይሁን ብዬ ዋጥኩት። ነገር ግን ላጋው እናንተ ጋ ሲደርስ እንደ ማጭድ ይታጠፋል፤ የጂቱ ጽድ በማጭዱ ሆድ በኩል ነው፣ የእኔ ኮሶ በጀርባው በኩል። የጂኦግራፊ መምህራችን ቲቸር ስምዖን ሰሌዳ ላይ ወንዝ ሲስል ራሱ ኮሶ መጠጣት ያለበት ሰው ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ይመስላል፤ ያስተማረን ግን እውነት ነው። ወንዝ ሲታጠፍ በውጪ በኩል ያለው ውሃ ይፈጥናል፤ ዳሩን ይሸረሽራል። በውስጥ በኩል ያለው ይሰንፋል፤ ተሸክሞት የመጣውን አሸዋና ደለል እዚያው ጥሎት ያልፋል። እኔ እንደገባኝ፣ ላጋው በየዓመቱ ከእኔ እየቆረሰ ጂቱን ያጎርሳል።

እርስዎስ ምን አደረጉ? በፋሲካ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ላጋው የጣለላትን ያንን መሬት “ወንዝ የሰጣትን እኔ አልነሳትም” ብለው መረቁላት። ድንች ዘርታበታለች አሉ። ወንዝ ቢያዳላ ዓይን የለውም እላለሁ። የእርስዎ ዓይን ግን ደህና ነው።

የልጅ ልጅዎ (የኮሶዋ)፣
ዕድላዊት


ሱሉልታ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕድላዊት ልጄ፤

ነጋ ነው፣ ሰላም ነው። ዝናቡ ገብቷል። ላሚቱ ወልዳለች፤ ወንድ ነው፤ መልኩ የጋሮማን ይመስላል። ይህን የምትጽፈው ጂቱ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቃሉ ግን የእኔ ነው። (ሁሉም አይደለም። ጂቱ)

ደብዳቤሽ ተነበበልኝ። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለመንደሩ ነው። “ጆሮዎ ነው በሕይወት የሌለው” የሚለው ላይ ስትደርስ ጋሮማ ከአጥሩ ማዶ “እውነት ነው!” ብሎ መለሰ። እግዜር ለሁለታችን አራት ጆሮ ቆርጦ አራቱንም ለእሱ ሰጠው።

ስለ ኮሶው ልንገርሽ። ኮሶ የሚመረው ለትል ነው። ለሰው ጥላ ነው፣ ሥሩም አፈር ይይዛል። የተከልኩበት ምክንያት አለኝ፤ አንድ ቀን ትሰሚዋለሽ።

ስለ ላጋው መምህርሽ ያለውን እኔ ያለ ሰሌዳ አውቀዋለሁ። ላጋ አያዳላም። ሲቸኩል ያነሳል፣ ሲደክመው ያወርዳል፤ እንደ እኔ ነው። ነፋሱም ያው ነው። በየካቲት ከታረሰው ማሳዬ ላይ ደረቁን አፈር እያነሳ ወስዶ ጋሮማ አጥር ሥር ይከምረዋል። ሰውዬው በእኔ አፈር ሽንኩርት ያበቅላል። አንድ ቀን ቅር አለኝ? አላለኝም። (ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከውባቸዋል። ጂቱ)

ለጂቱ መሬቱን የሰጠኋት እዚህ ስላለች ነው። መሬት የሚለማው እግር በሚረግጠው ሰው ነው። ይህ ቢያምሽ ሌላ የምለው የለኝም። በአዳዳሽ አፍ “ምን ትፈልጊያለሽ?” ብዬ የላክሁብሽን ጥያቄ ግን መልሺልኝ።

አካኮሽ ኢተፋ

(እኔም አንድ ልጨምር። “ቃል አቀባይ” ያልሽኝን ኦቦ ጋሮማ ወደውታል፤ አሁን ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። እግዜር ይስጥሽ። ጂቱ)


ቡራዩ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአካኮ፣ እንዲሁም ከአጥሩ ማዶ ለሚያዳምጡት ለኦቦ ጋሮማ፤

እንደምን ከረማችሁ? ይህን የምጽፈው ከአዳዳ ተረፈች ቤት ነው። ትምህርት ስለተዘጋ “አዳዳሽን እርጂ” ተብዬ ነው የተላክሁት። እርዳታው አይብ ማቅመስ መስሎኝ ነበር፤ ጭቃ መጥረግ ነው።

ከቤቷ ጀርባ ያለው ቦይ አምና በአንድ እርምጃ ይታለፍ ነበር። ዘንድሮ ሰው ቢቆምበት አናቱ አይታይም። ከላይ ያለው ዳገት ዛፉ አልቆ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ውሃው የሚይዘው አጥቶ ሰተት ብሎ ይወርዳል። ማክሰኞ ዕለት የአከራይዋን የጋሽ ሸምሰዲንን ሽንት ቤት በሩን ጨምሮ ወሰደው። እሳቸው “ጎረቤት ነው የቆፈረብኝ” ይላሉ። ሽማግሌ ሰው ውሃን ከመውቀስ ጎረቤት መውቀስ ለምን ይቀለዋል?

ቲቸር ስምዖን አንድ ሌላ ነገርም አሳይቶናል፤ ካርታ ላይ። ከእንጦጦ ጀርባ፣ እናንተ ጋ የዘነበው፣ ወደ ሙገር ወርዶ ዓባይ ይገባል፤ ግብፅ ድረስ ይሄዳል። እኛ ጋ፣ ሰበታና ቡራዩ የዘነበው፣ አዋሽ ገብቶ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል። ባሕር እንኳን አያይም። አያችሁ? የጂቱ ዝናብ ራሱ ፓስፖርት አለው።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ምንም አልፈልግም። መሬት አልፈልግም፣ ድንችም አልወድም፣ ቅር የሚለኝም ነገር የለም። አዳዳ እንደነገረችኝ ደብዳቤዬ ከመጣ በኋላ ጂቱ ምሳ አልበላ ካለችም፣ እኔ የተናገርኩት እውነቱን ብቻ ነው። ቀናሁ አልኩ እንጂ ጠላሁ አላልኩም።

ለትምህርት ያህል ብቻ አንድ ልጠይቅ። ዘንድሮ ላጋው መንገዱን ትንሽ ወደ ጂቱ ጽድ አላዘነበለም? እንዲሁ ነው። ለማወቅ ያህል።

ዕድላዊት


ሱሉልታ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕድላዊት ልጄ፤

ሰላምታውን ሌላ ቀን እጨምርልሻለሁ። ወደ ጂቱ ጽድ አላዘነበለም። ወደ አንቺ ኮሶ ነው የመጣው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላጋው ሞልቶ ወረደ። ሲጎድል ወርጄ አየሁት። ኮሶሽ የቆመበትን ዳር ሦስት ክንድ ያህል በልቶታል። ዛፉ ዘሟል፤ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። በወዲያ በኩል ያለውን የድንቹን መሬት አልነካውም፤ ጭራሽ አንድ ስንዝር ደለል ጨምሮለት ሄደ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በተወለድሽበት ዓመት ያ ዳር መበላት ጀምሮ ነበር። ሥሩ አፈር የሚይዝ ዛፍ ያስፈልገው ስለነበር ነው ኮሶውን እዚያ የተከልኩት። ችግኙ ጠንካራ ሥር እስኪያወጣ ግን ማን ይጠብቀው? ከተራራው ድንጋይ በአህያ አወረድኩ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ከኮሶው እግር ሥር፣ ውሃው የሚመታበት ላይ፣ ትልልቁን ከታች ትንንሹን ከላይ አድርጌ ደረደርኩት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ እየወረድኩ የላላውን አጠብቀው ነበር። ዛሬ ሽበት አውጥቶ፣ አፈር ለብሶ፣ እግዜር ያስቀመጠው ይመስላል። ለጂቱ ጽድ አንዲት ድንጋይ አላኖርኩም። እሷን ላጋው ይጠብቃታል። አንቺን የምጠብቅሽ እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ ጉልበቴ አሞኝ ግንቦት ላይ አልወረድኩም። ሐሙስ ስወርድ ድንጋዮቹ የሉም።

የድንቹ መደብ ዙሪያውን በድንጋይ ተከቧል። ጋሮማም ጂቱ ድንጋይ ስትሸከም አይቻለሁ ብሎ መሰከረ። ስለዚህ መሬቱን ከእሷ ወስጄ ለአንቺ ሰጥቻለሁ። ድንቹም የአንቺ ነው። ይህን የምትጽፈው ራሷ ጂቱ ናት። “ድንጋዩን ያመጣሁት ከመንገድ ዳር ነው፤ ከኮሶው ሥር አልወሰድኩም” ብላለች። ጻፊው አልኳት፤ ጽፋዋለች።

አካኮሽ ኢተፋ


ሰበታ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአካኮ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ከቡራዩ ተመልሻለሁ። ዝናቡ ደህና ነው። አባዬም ደህና ነው።

ስለ መሬቱ አመሰግናለሁ። በጣም ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ስል፣ ማለቴ፣ ያው ደስ ይላል። ድንችም እወዳለሁ።

ጂቱ አልወሰድኩም ካለች ምናልባት አልወሰደች ይሆናል። ድንጋይ እኮ በራሱም ይሄዳል። ቲቸር ስምዖን ጎርፍ ትልልቅ ድንጋይ ሳይቀር ያንከባልላል ብሎናል። ስለዚህ ማንንም ባንጠረጥር ጥሩ ነው። ሽማግሌ ባንሰበስብም ጥሩ ነው። ጎረቤት ባይመሰክርማ በጣም ጥሩ ነው።

ደብዳቤው ያጠረው እስክሪብቶዬ ስላለቀ ነው።

ዕድላዊት


ሱሉልታ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕድላዊት፤

ይህ ከአካኮ አይደለም። ከራሴ ነው፤ ቃሉም እጁም። ለአዳዳ ተረፈች ካነበብሽው ከእኔ ቅቤ አትገዢም ብያታለሁ።

ኮሶሽ ትናንት ወደቀ። ሲወድቅ ድምፁን አካኮ ራሳቸው ሰሙት። 

ከአዳዳ ጋር የላክሁልሽ ጆንያ ድንች ነው። የተዘራው በግንቦት ስለሆነ ጥቂቱ ደርሷል፤ የደረሰውን ቆፍሬ ላክሁልሽ። መሬቱ ያንቺ ከሆነ ድንቹም ያንቺ ነው። አንዱንም አልቀመስኩም።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የፋሲካ ማግስት ከላጋው ስትመለሺ ቀሚስሽ እስከ ጉልበትሽ እርጥብ ነበር፤ ጥፍርሽ ውስጥም ጭቃ ነበር። ሆድሽን ነው ያመመሽ ወይስ ጉልበትሽን?

ለምን ለአካኮ አልነገርሽም ትይኝ ይሆናል። ብነግራቸው “ቀንታ ነው” ይሉኝ ነበር። ልክም ናቸው፤ እቀናለሁ። አንቺ እዚህ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ ትቀኛለሽ። እኔ በቀን አሥር ጊዜ እጮህባቸዋለሁ፦ መድኃኒትዎ! ጫማዎ! ምሳ! ድምፄ ሰልችቷቸዋል። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ግን መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ማንበብ አይችሉም እኮ፤ ቢሆንም ይወለውላሉ። ከዚያ እኔ ቁጭ ብዬ፣ አንቺ እኔን የሰደብሽበትን፣ በራሴ አፍ፣ ጮክ ብዬ።

ጂቱ


ሰበታ፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአካኮ ኢተፋ፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። አዲሱን ዓመት በደህና ነገር ብጀምረው እወድ ነበር፤ አልሆነም።

ጂቱ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢ። ከወትሮው ይበልጥ ጮክ በይ። ኦቦ ጋሮማም ወደ አጥሩ ይጠጉ፤ ዛሬ የሚመሰክሩበት ሳይሆን የሚሰሙበት ቀን ነው።

ድንጋዮቹን የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

በፋሲካ መሬቱን ለጂቱ ሲሰጡና ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ገና ሲበላ ወደ ላጋው ወረድኩ። ውሃው ያኔ ቁርጭምጭሚት ድረስ ብቻ ነበር። ከመታጠፊያው ከፍ ብሎ፣ በእኔ በኩል፣ ወደ ውሃው የገባ የድንጋይ ክምር ብሠራ፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው ተገፍቶ ወደ ጂቱ ጽድ ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። ያንን መሬት ትንሽ ቢቆርስላት ብዬ ነው። ትንሽ ብቻ። እኩል እንድንሆን።

ለክምሩ ድንጋይ ፈለግኩ። ከኮሶዬ እግር ሥር ተደርድረው አገኘኋቸው። ላጋው ለእኔ ጥሎልኝ የሄደው ብቸኛ ነገር እነሱ መሰሉኝ። አርባ አንድ ናቸው፤ ስጎትታቸው ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዱ ሲነቀል አፈሩ አብሮ ሲረግፍ አይቻለሁ። አይቼ ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ጎርፍ ክምሬን በትኖት ይሆናል። ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ቲቸር ስምዖንን “አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ምን ይሆናል?” ብዬው ነበር። “ያ ሰው የራሱን ቤት መሠረት ነቅሎ የጎረቤቱን መስኮት ለመስበር የወረወረ ነው” አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በፋሲካ እንዳጨበጨብኩት።

አሥራ አምስት ዓመት እርስዎ ለጂቱ ብቻ የሚያስቡ መስሎኝ ቀናሁ። እግሬ ሥር ምን እንዳኖሩልኝ አላየሁም። መሬቱን ለጂቱ ይመልሱላት። ድንቹን አልነካሁትም፤ ጆንያው እንደታሰረ ነው። (እማዬ ሁለት ፍሬ ቀቅላለች፤ እኔ ግን አልበላሁም።)

ዕድላዊት


ሱሉልታ፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዕድላዊት፤

አላነበብኩላቸውም።

“ምን ትላለች?” ሲሉኝ “ሰላም ትላለች” አልኳቸው። “ሦስት ገጽ?” አሉ። “ሰላሟ ረጅም ነው” አልኳቸው። ኦቦ ጋሮማ አጥሩ ላይ ተደግፈው ጠብቀው ጠብቀው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያንቺን ስድብ ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ። በእኔ ላይ የተፈረደውንም በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ይህንን ግን አልጮህልሽም። የአካኮ ጆሮ እዚህ ነው ያለው፤ አፍሽን ይዘሽ ነይ። ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ታክሲ እንደሁ ሞልቷል።

ጫማሽ ጭቃ የሚችል ይሁን። አርባ አንድ ድንጋይ ፍለጋ ነው የምንወርደው።

ቃል አቀባይዋ


ሱሉልታ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዕድላዊት ልጄ፤

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ጂቱ ድንቿን ልትሸጥ ገበያ ወጥታለች። ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺኝ፤ ጂቱ ማስቆጠር ከጀመረችኝ ገና ወር ነው።

ከሄድሽ በኋላ ጋሮማ መጥቶ ጂቱን ይቅርታ ጠየቃት። ከአጥሩ ሥር ካበቀለው ሽንኩርት አንድ እቅፍ አመጣላት። በእኔ አፈር የበቀለ ነው፤ እኔን ግን ምንም አላለኝም። ቅር አላለኝም።

አንቺና ጂቱ ያገኛችኋቸው ሠላሳ ስድስት ድንጋዮች በቦታቸው ናቸው። አምስቱን ላጋው ይዟቸው ሄዷል፤ እንዳልሽው ከሆነ ግብፅ ይደርሳሉ። ኮሶውን እንዳይቆረጥ ከልክያለሁ። የወደቀው ዳሩን ተደግፎ ነው፤ ውሃው አሁን የሚመታው ግንዱን ነው። ለሚቀጥለው ክረምት ሌላ ችግኝ አዘጋጅቻለሁ። አዎ፣ ኮሶ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽና ሳትቆጪ ስሚኝ። የመጣሽ ዕለት ደጃፉ ላይ ቆመሽ “ድንጋዮቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ” ስትዪ “አልሰማሁም” አልኩሽ። ደግመሽ ጮህሽ። “ምን አልሽ?” አልኩሽ። ሦስተኛውን ስትጮኺ የጋሮማ ዶሮዎች እንኳን ከቆጥ ወረዱ። የመጀመሪያውን ሰምቼሽ ነበር። ያስደገምኩሽ ጂቱ ላይ ሲፈረድ ከአጥሩ ማዶ የሰሙ ሁሉ አንቺንም እንዲሰሙሽ ብዬ ነው። ስለ ስልኬና ስለ ጆሮዬ የጻፍሽውም ትዝ ብሎኝ ነበር።

ጤና ሁኚ። አባትሽን ሰላም በዪልኝ፤ በጣትሽ ጫፍ ሆነሽ።

አካኮሽ ኢተፋ

ሌላም አለ። በመጨረሻው ዝናብ ከግንዱ ኋላ ላጋው አንድ ክንድ የሚሆን ጥቁር ደለል ጥሎ ሄዷል፤ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው። የማን ነው ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ጂቱ ቀድማሽ ጠይቃኛለች።